አውራ ጣት ያየው ብርሃን

ታንዳቫን ፈርቷል። ቢጠይቁት ሽምጥጥ አድርጎ ይክዳል፤ ግን ፈርቷል። ዕድሜውን ሙሉ በየቤተ መቅደሱ በዓልና በየሠርጉ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ተቀምጦ ሁለት አፍ ያለውን ከበሮ ሲደልቅ የኖረ፣ ዘፋኙ ምት ሲስት ገላምጦ ወደ መስመር የሚመልስ ሰው፣ ዛሬ አገጩን ፕላስቲክ ላይ አስደግፎ፣ ግንባሩን አንድ ጥቁር ሣጥን ላይ ለጥፎ ቁጭ ብሏል። ሣጥኑ እንደሁ አይናከስም። ሣጥኑን የምታዘው የዓይን ሐኪሟ ናዚማም ድምፅዋ ለስላሳ፣ የራስ መሸፈኛዋ ዘወትር ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል፣ ከልጁ የምታንስ ወጣት ነች።

"አያ ታንዳቫን፣ አሁን ኃይለኛ ብርሃን ብልጭ ይላል፤ እንዳይደነግጡ" አለችው። "ከዚያ ጨለማ ይሆናል። ጨለማው ውስጥ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ በየጊዜው ብቅ ትላለች። መጀመሪያ ላይ ላትታይዎት ትችላለች። ስትታይዎት ብቻ ይህችን ቁልፍ ይጫኑ።"

"ባትታየኝስ?"

"ትታይዎታለች፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።"

"ሌላው ሰው ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?"

"አያ፣ ፈተና ላይ ነን እኮ! ከጎረቤት መቅዳት አለ እንዴ?" ብላ ሳቀችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ብርሃኑ ብልጭ አለ። ከዚያ በኋላ ታንዳቫን ያየው አንድ ትልቅ አረንጓዴ ጉድፍ ብቻ ነው፤ ወዴትም ቢያይ አብሮት ይሄዳል። ዙሪያው ጥቁር፣ መካከሉ ጉድፍ። ሣጥኑ ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። ቆይቶ ጠቅ። ናዚማና ጓደኞቿ ራሳቸው የገጣጠሙት መሣሪያ ስለሆነ ነጥቧ ብቅ ባለች ቁጥር ውስጡ ያለች ትንሽ ክዳን ድምፅ ታሰማለች። ድምፁን ሁሉም ያውቁታል፤ ማንም ቁም ነገር ብሎ አልያዘውም።

ታንዳቫን ዓይኑን አፈጠጠ። ምንም የለም።  ሰዉ ሁሉ ይህን ጊዜ አይቶ ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፣ እኔ ብቻ እዚህ ተገትሬ ቀረሁ፣ አለ በሆዱ። ከዚያ አንዴ የሆነች ነገር ውል አለችበት፤ ወይም ውል ያለችበት መሰለው፤ ተጫነ። ከዚያ ወዲያ አውራ ጣቱ በራሱ ሄደ። ጠቅ ሲል ይጫናል፣ ጠቅ ሲል ይጫናል። ልቡም ረጋ። ፈተናው ሲያልቅ የትኛዋን ነጥብ አይቶ የትኛዋን ሳያይ እንደተጫነ ቢምል እንኳ መናገር አይችልም ነበር።

እዚህ ሣጥን ፊት ያመጣው ሞተር ብስክሌቱ ነው። ታንዳቫን ከኩምባኮናም ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ከምራቱ ከፑንኮዲና ከልጅ ልጁ ከኢኒያ ጋር ይኖራል። ልጁ ኩዌት ነው። ሚስቱ ሞታለች። ፑንኮዲ ከተማ የሴቶች ልብስ፣ የሳሪ መደብር ውስጥ እስከ ማታ ትሠራለች። ሁለተኛ ክፍል የሆነችውን ኢኒያን ከማስጠኛ ቤት አምጥቶ ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው፣ በአሮጌው ሞተሩ፣ ልክ ጀምበር ስትጠልቅ። ጣቶቹ እንደ ድሮው አልታዘዝ ብለውት መድረክ ከተወ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቃት ነገር ብትኖር ያቺ መንገድ ነች። ልጅቷ ሸሚዙን ከኋላ ጨምድዳ ይዛ ስለ ጓደኞቿ ስትለፈልፍ ዓለም ሁሉ የሱ ይመስለዋል።

አሁን ግን ያቺ መንገድ አስፈራችው። ከፊት የመኪና መብራት በመጣ ቁጥር፣ መኪናው ካለፈ በኋላ ዓለም ትጠፋለች። ድሮም ብልጭ ሲልበት ዓይኑ ይጨልም ነበር፤ ግን ወዲያው ይመለሳል። አሁን ጨለማው ይቆያል፤ ሞተሩ እየሄደ፣ ልጅቷ እየለፈለፈች፣ እሱ ምንም ሳያይ። ቤትም ገብቶ ከፀሐዩ ወደ ማድቤት ሲዘልቅ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያወልቅ ይመስላል። ጫማውን ካወለቀ ቆይቷል። የሚጠብቀው ዓይኑን ነው።

አባቱን ያስታውሳል። አባቱም ከበሮ መቺ ነበሩ፤ ሲያረጁ የዓይናቸው መሃሉ ጠፋ። ዳር ዳሩን ያያሉ፣ መካከሉን አያዩም። ሰው ፊታቸው ሲቆም ፊቱ ያለበት ቦታ ላይ ጭጋግ ነው የሚያዩት። ስለዚህ ሰውን ለማየት ጆሮውን ያያሉ፤ አንገታቸውን ወደ ጎን ሰበር አድርገው እንደ ዶሮ። የሰፈር ልጆች ይህን እያስመሰሉ ይስቁባቸው ነበር። ታንዳቫን ዓይነ ስውርነት ብቻውን እንዲህ ባላስፈራው። የሚያስፈራው ያ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ፊት የሌላቸው ሰዎች ሲመላለሱ።

ፑንኮዲ አንድ ቀን በዘዴ ጀመረችው። "አባባ፣ የጎረቤት ልጆች በባጃጅ ተሰብስበው ይመጣሉ አሉ። ኢኒያም ብትጨመር፣ እርስዎም ከማምሸት..."

"ምን ሆኜ?" አለ ታንዳቫን። "ሽማግሌ ሆኗል፣ ጣለው ነው የምትይው?"

"እረ በፈጠረዎት! መቼ ወጣኝ?"

"አልወጣሽም፤ ግን አፍሽ ውስጥ አለ፣ አይቼዋለሁ። ዓይኔ ደህና ነው ብያለሁ!"

ስለ ዓይን ያነሳ ሰው አልነበረም። ፑንኮዲ ቀና ብላ አየችው። እሱም የተናገረው ነገር ጆሮው ላይ ሲመለስበት ደነገጠ።

የዓይን ሆስፒታሉ መኪና በዚያው ሳምንት መንደር ገብቶ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ጥሎ ሰው ሲመረምር፣ ታንዳቫን ቀድሞ ተሰለፈ። የፊደል ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች፣ ያቺን የጉንዳን ዱካ የምታክለውን የመጨረሻ መስመር ሳይቀር፣ በመድረክ ድምፁ አንበለበለው። ሰው አጨበጨበ። ያን ጊዜ ነበር ናዚማ ጠጋ ያለችው።

"አያ፣ የምፈልገው ልክ እንደ እርስዎ ያለውን ሰው ነው" አለችው። "ሰሌዳውን አጥርቶ የሚያነብ፣ ግን ዕድሜው የገፋ። የዓይን መሃል ሲያረጅ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ አይታወቅም። ሰውየው ሁሉን እያነበበ ነው ውስጥ ውስጡን የሚበላው። ሰሌዳው ላይ ሲታወቅ ረፍዷል። ቀድሞ የሚይዝ ፈተና እየፈለግን ነው። ይመጡልኛል?"

ታንዳቫን እምቢ ሊል ፈለገ። ግን ሰው ከቦታል፤ ደግሞም አንድ ነገር አሰበ። ከሆስፒታል "ዓይኑ ደህና ነው" የሚል ቃል ካገኘ ፑንኮዲም ዝም ትላለች፤ እሱም ራሱ ዝም ይላል። መጣ።

እና ይኸው፣ ፈተናው አልቆ ናዚማ ከኮምፒውተሯ ፊት ብድግ አለች። ፊቷ በርቷል።

"አያ ታንዳቫን! የወጣት ዓይን ነው ያለዎት!"

"ማን? እኔ?"

"የዓይንዎ ፎቶ ላይ ጥቂት ቢጫ ነጠብጣብ አይተን ነበር፤ በዕድሜዎ ብዙ ሰው ላይ አለ። እኔ ፈርቼልዎት ነበር፣ ልዋሽዎት አልችልም። ይኸው ግን ጨለማውን ከተማሪዎቼ እኩል ነው የለመዱት። ነጠብጣቡ እያለ እንዲህ የሚያይ ሰው ማግኘታችን ለጥናቱ ትልቅ ነገር ነው። በሚመጣው ወር ቼናይ ስብሰባ ላይ አቀርብዎታለሁ፤ ስምዎን ሳልጠራ።"

"ጥሪው! ምን ችግር አለው!" አለ ታንዳቫን። የተሸከመው ድንጋይ ከላዩ ወረደ። ወጥቶ አውቶቡስ ውስጥ ሲቀመጥ ግን፣ አይቻለሁ እንዴ? አለ። ወዲያው ደግሞ ራሱን ተቆጣ፤ የተማረ ሰው መሣሪያ ተክሎ አየ ብሎ ከፈረደ አንተ ማን ነህ አልቀበልም የምትል? ማታ ፑንኮዲ ገና በሩን ሳትገባ "የወጣት ዓይን!" ብሎ ተቀበላት። እሷም የእውነት ደስ ብሏት "እልል ይበሉ እንግዲህ፣ እኔም ተገላገልኩ" አለችው። ባጃጁም ተረሳ።

የታይ ወር ነው፤ የአጨዳ ጊዜ። በዚያ ሰሞን የኩምባኮናም ገበሬ አስፋልቱን መንገድ ነው ብሎ አያስብም፤ አውድማው ነው። ሩዙን ከነገለባው ግማሹ መንገድ ላይ ያሰጣዋል፣ መኪና እንዳይወጣበት ጠርዙን በድንጋይ ያጥራል፣ ሲመሽ ጠራርጎ ከምሮ ጥቁር ሸራ ያለብሰዋል። ሹፌሩ ገበሬውን ይሳደባል፣ ገበሬው ሹፌሩን ይሳደባል፤ ሁለቱም ማታ ያንኑ ሩዝ ይበላሉ።

በፈተናው ማግስት ታንዳቫን ኢኒያን ከኋላው ጭኖ ከተማውን ወጣ። ምዕራቡ ገና ቀላ እንዳለ ነው። ልጅቷ ሸሚዙን ጨምድዳ ስለ አንዲት እርሳስ ስለሰረቀቻት ጓደኛዋ ታወራለች። "እኔ ደግሞ ላጲሷን ደበቅኩባት፤ ታታ፣ ይህ ስርቆት ነው?" ትላለች፤ አያቷን ታታ ነው የምትለው። "ቤት ስንገባ ለፍርድ እንቀመጣለን" ይላል እሱ። ከድልድዩ ማዶ አውቶቡስ መጣ፤ ትልቁን መብራቱን እንዳበራ፣ ጥሩንባውን እየነፋ መጣ፣ አለፈ።

ዓለም ጠፋች። ያ አረንጓዴ ጉድፍ፣ ዙሪያው ጥቁር። ታንዳቫን ፍሬን አልያዘም። መንገዱን እጁ ያውቀዋል፤ የወጣት ዓይን አለው ተብሏል፤ አሁን ይመለሳል፣ አሁን ይመለሳል አለ። አልተመለሰም። በመጀመሪያ የሰማው ከጎማው ሥር የሩዙን መንሿሿት ነው። ከዚያ የፊቱ ጎማ ድንጋይ ላይ ዘለለ። ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬኑን ጨመቀ፤ ሞተሩ ሩዙ ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ፣ ዞረ፣ ቆመ። ሞተሩ ቆሞም እሱ ገና ምንም አያይም። ከፊቱ፣ ከጉልበቱ ከፍታ ላይ፣ የሰው ትንፋሽ ሰማ።

ቀስ እያለ መጣለት። መጀመሪያ የመጥረጊያው ጭራ፣ ከዚያ ቀይ ሳሪ፣ ከዚያ ቁጢጥ ያሉ አሮጊት። የፊቱ ጎማ እጃቸውን ቢዘረጉ የሚነኩት ቦታ ላይ ነው ያለው።

አሮጊቷ እስትንፋሳቸው እስኪመለስ ቆዩ፤ ከተመለሰላቸው በኋላ ግን አልማሩትም።

"አንተ ምን ዓይነት መቅሰፍት ነህ! ዓይንህን ቤትህ ረስተኸው ነው የወጣኸው?"

"እናቴ፣ አውቶቡሱ መብራቱን ለቀቀብኝ..."

"አውቶቡሱማ ለሁሉም ይለቃል! ይኸው ድንጋዩ፣ ይኸው እኔ፣ ይኸው ቀይ ሳሪዬ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ፣ ልዝፈንልህ? ደግሞ ልጅ ጭኗል! ውረድና እሷ ትንዳ!"

 ታንዳቫን መሪውን አልለቀቀም። ኢኒያ ጀርባው ላይ ተለጥፋ ስትንቀጠቀጥ ይሰማዋል፤ ግን ድምፅ አላወጣችም። ሞተሩን እየገፋ፣ እሷን በእግሯ እያስኬደ ቤት ደረሱ። በሩ ላይ ቆም ብሎ "ለእናትሽ አትንገሪ፤ እሺ የኔ ቆንጆ?" አላት። ልጅቷ አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች። ታንዳቫን በሕይወቱ ብዙ ውርደት አይቷል፤ እንደዚያች አንገት መነቅነቅ ያቃጠለው የለም።

በማግስቱ ጠዋት ፑንኮዲ በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ቂጣ፣ ኢድሊ አቀረበችለት። እሱ መብላቱን አያውቅም፤ ሐሳቡ እዚያ ጎማ ሥር ነው። ከግድግዳው ማዶ የሐር ሸማኔው ጎረቤት ሥራ ጀምሯል፤ መወርወሪያው ጠቅ ይላል፣ ቆይቶ ጠቅ ይላል።

"አባባ፣ እረ ሳህኑን ይተዉልኝ፤ ኢድሊውን አስጨፈሩት እኮ" አለችው ፑንኮዲ እየሳቀች።

ቁልቁል አየ። አውራ ጣቱ የሳህኑን ጠርዝ ይመታል። ጠቅ ሲል ይመታል፣ ጠቅ ሲል ይመታል፤ አንዲት አትዘልም። እሱ ሸማኔውን እያዳመጠ አልነበረም። መወርወሪያው መኖሩንም አላወቀም ነበር። ጣቱ ግን ያውቃል።

 ሣጥኑ፣ ጨለማው፣ ያ ጠቅታ ትዝ አሉት። የወጣት ዓይን አይደለም ያለው፤ የከበሮ መቺ አውራ ጣት ነው። ናዚማ ቼናይ ሄዳ ለዶክተሮች ሁሉ የምታሳየው የሱን ጣት ነው። እሱም በዚያ ጣት ምስክርነት የልጅ ልጁን ጭኖ ሰው ላይ ነድቷል።

"ምን ሆኑ? አመመዎት?" አለች ፑንኮዲ።

"ሆስፒታል ደርሼ ልምጣ።"

"ከትናንት ወዲያ ጨርሰው የለም እንዴ?"

"የረሳሁት ነገር አለ" አለ፤ ሞተሩንም ሳያይ በእግሩ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደ።

መንገዱን ሙሉ ሁለት ሰው ሆኖ ሲከራከር ነበር። አንዱ፣ ዝም በል፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀስ ብለህ ንዳ፣ መብራት ሲመጣ ቁም፣ ማን ያውቅብሃል ይለዋል። ሌላው ምንም አይልም፤ ያንን የአሮጊቷን ትንፋሽ ብቻ ያሰማዋል። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲወርድ ተመልሶ ሊሳፈር ምንም አልቀረውም ነበር።

ናዚማ ስታየው ደስ አላት። "አያ! የኔ ኮከብ! ምን እግር ጣለዎት?"

"ኮከብሽ ውሸታም ነው" አለ ታንዳቫን። "ሣጥንሽ ምት አለው። ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። እኔ ያንን ነው የተጫንኩት። ነጥቧን አላየሁም። አንዳንዷን አይቼ ይሆናል፤ አላውቅም። ጣቴ ነው ያየው።"

መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋ ጠፋ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሆን ብለው ነው?"

"ሆን ብዬ ቢሆን እነግርሽ ነበር? ይህ ጣት ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ተገርፎ የተማረ ጣት ነው። ምት ከሰማ ማንንም አያስፈቅድም።"

ናዚማ የራስ መሸፈኛዋን አቃናች፤ ወዲያው አዘነበለ። "እርስዎ ብቻ አይደሉም ማለት ነው" አለች በቀስታ። "እዚህ አገር ዘፈን ሲሰማ ጭኑን የማይመታ ማን አለ? አስተማሪው፣ ባለ ሱቁ፣ አሮጊቱ... ስንቱን ደህና ነህ ብዬ ሰደድኩት?" አሁን የፈራችው እሷ ነበረች። ታንዳቫን ይህን ሲያይ ከመጽናናት ይልቅ ባሰበት። ሐኪሟ ከፈራች በሽተኛው ምን ይይዛል?

ሁለተኛው ፈተና ያን ዕለት አልሆነም። ናዚማና ጓደኞቿ ሣጥኑን ፈተው፣ ክዳኗን ድምፅ አልባ አድርገው፣ ነጥቧ በማይጠበቅ ጊዜ እንድትመጣ አድርገው እስኪያስተካክሉት ቀናት አለፉ። እነዚያን ቀናት ታንዳቫን ሞተሬ ተበላሽቷል እያለ ልጅቷን በሰው እጅ አስመጣ። ኢኒያ ቆማ ታየው ነበር እንጂ አልጠየቀችውም። ከዚያ ተጠራ።

"አሁን ምት የለም" አለችው ናዚማ። "ነጥቧ አንዳንዴ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ትቀራለች። መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ መሣሪያው ብቻ ነው የሚያውቀው። ካላዩ አይጫኑ።"

"እስኪመሽ ባላይስ?"

"እስኪመሽ እጠብቅዎታለሁ።"

ብርሃኑ ብልጭ አለ። በሩ ተዘጋ። ጉድፉ መጣ፣ ጥቁሩ መጣ፤ ድምፅ ግን የለም። ታንዳቫን በሕይወቱ እንዲህ ያለ ዝምታ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚይዘው ነገር ነበረ፤ የሰው ጭብጨባ፣ የዘፋኝ ትንፋሽ፣ የሞተር ድምፅ። አሁን የሚሰማው የራሱ ልብ ብቻ ነው፤ እሱም ምቱን ስቷል።

ጠበቀ። ምንም የለም። አሁን ከፊቴ ብቅ ብላ ይሆናል፤ አሁን ደግሞ ጠፍታ። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ፣ አላያትም። አባቱን አሰበ፤ አባቱም እንዲህ ነው የጀመራቸው? አንድ ቀን ፊት ለፊት ያለ ነገር ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሄደ? ሊጮህ ፈለገ። በሩን ክፈቱልኝ ሊል ፈለገ። አውራ ጣቱ ቁልፏ ላይ ነው፤ ተጫነኝ ተጫነኝ ትለዋለች። አንዴ ቢጫን ምን አለ? አንዴ፣ በግምት? ከመቶ ሰው አንዱ ይሳካለታል። ተጫን፣ ነጥቧ እዚያ ትሁን፣ ተነሥተህ ወደ ቤትህ ሂድ፣ ማታ ልጅቷ ሸሚዝህን ትጨምድድ።

ጣቱን ከቁልፏ አነሳው። በሌላው እጁ ያዘው፤ እንደ ሕፃን እጅ ጨብጦ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ዕንባው ፕላስቲኩ ላይ ወረደ። ጠበቀ፤ ጀርባው እስኪያመው፣ አንገቱ እስኪደርቅ ጠበቀ። ወንበሩን ትቶ ለመነሣት ሲቃጣ ነው ከጉድፉ ጠርዝ አንዲት ግራጫ ነገር፣ አመድ ላይ የወደቀች አመድ የምታክል፣ ብቅ ብላ የጠፋችው። ጣቱን ለቀቀው። ተጫነ።

ናዚማ በሩን ስትከፍት አልሳቀችም። ጎኑ ቁጭ አለች።

"ንገሪኝ" አለ።

"ዘግይቷል፣ አያ። በጣም ዘግይቷል። ዓይንዎ ጨለማውን ለመልመድ ደህና ሰው ከሚወስድበት ብዙ እጥፍ ወስዶበታል። ቢጫው ነጠብጣብ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።"

"እንደ አባቴ እሆናለሁ።"

"አላልኩም። ገና መጀመሪያው ነው። ሁሉም ሰው እዚያ አይደርስም፤ ብዙው እዚሁ ላይ ዓመታት ይቆያል።"

"መድኃኒቱስ?"

"ለዚህ ደረጃ የምሰጥዎት መርፌ የለኝም። የሚያኝኩትን ትንባሆ ዛሬውኑ ይትፉት። ቅጠላ ቅጠል ይብሉ። ስጠራዎት ይምጡ። ቀጥ ያለ ነገር፣ የበር መቃን፣ የመብራት እንጨት ከተጣመመብዎት ግን ጥሪ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይምጡ። ያኔ የምናደርገው ነገር አለ፤ ከዘገዩ የለም።"

"ሞተሩስ?"

ናዚማ ቀና ብላ አየችው።

"ልጅ አለች፣ የልጅ ልጄ" አለ። "ማታ ማታ እኔ ነኝ የማመጣት።" ያን የሩዙን ነገርም ነገራት፤ አሮጊቷን፣ ጎማውን፣ ሁሉን። 

"ካወቁት ለምን ይጠይቁኛል፣ አያ?" አለች ናዚማ፤ የሷም ዓይን ውኃ አቅርሯል። "ማታ አይንዱ። ልጅ ጭነው ደግሞ ጭራሽ።"

ከሆስፒታል ወጥቶ በቀጥታ ማስጠኛ ቤቱ ሄደ። ልጆቹ እየተንጫጩ ሲወጡ ኢኒያ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች፤ ሞተሩን ስታጣ እሱን ፈለገች። ቦርሳዋን ተቀበላትና ፌርማታው ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እየመሸ ነው። የመኪናው መብራት በመጣ ቁጥር ታንዳቫን ዓይኑን ይጨፍናል።

"ሞተሩ አልተሠራም?" አለች።

"ሞተሩ ደህና ነው፤ ዋሽቼሻለሁ። የተበላሸው ዓይኔ ነው። ከእንግዲህ በአውቶቡስ ነው የምንሄደው። ማታ ለእናትሽም ራሴ እነግራታለሁ፤ አንቺም አትደብቂ፤ እንደዚያ ማለቴ ልክ አልነበረም።"

ኢኒያ እግሮቿን እያወዛወዘች አሰበች። "ያን ቀን ሴትዮዋን አላየሃትም ነበር?"

"አላየኋትም።"

"ድንጋዩንስ?"

"ድንጋዩንም።"

"እኔ አይቻት ነበር" አለች። "ከሩቅ ነው ያየኋት። እየጠረገች ነበር።"

ታንዳቫን ወደሷ ዞረ። "ታዲያ ለምን አልጮህሽም? ለምን ታታ ቁም አላልሽኝም?"

"አንተ የምታያት መሰለኝ" አለች ኢኒያ። "አንተ እኮ ሁሉን ታያለህ። ከዚያ በጣም ስንቀርብ ፈራሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።"

እጇን ያዘ። አንዲት ልጅ እያየች፣ በሱ ታምና ዝም ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና ሞትን ስትጠብቅ እሱ ከፊቷ ተቀምጦ ነበር። ያ ሁሉ ቀን በሣጥኑ ጨለማ የፈራው ፍርሃት አሁን ገና ሙሉውን መጣ፤ ከአግዳሚው እንዳይወድቅ በሌላ እጁ እንጨቱን ጨበጠ።

አውቶቡስ መብራቱን እያበራ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። ግንባሩ ላይ የመድረሻው ስም ተጽፏል፤ ታንዳቫን ቀና ብሎ አየ፤ የሚታየው ያ ጉድፍ ብቻ ነው። ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን እየደበደበ ይቸኩላል።

"ኢኒያ" አለ፣ "የት እንደሚሄድ አንብቢልኝ።"

ኢኒያ ተነሥታ ቆመች፤ ፊደል በፊደል፣ እየተንተባተበች ማንበብ ጀመረች። ረዳቱ ፉጨት ነፋ፤ ታንዳቫን እጁን ዘርግቶ እንዲቆም ለመነውና እስክትጨርስ ጠበቃት።